የአንድ ግሥ ፍቺና የአባትህ መሐላ

ቦሌ፣ አዲስ አበባ
ጥር ፲፱፻፸፭ ዓ.ም.

ውድ ጀቤሳ፣

ከእኔ ደብዳቤ ይመጣልኛል ብለህ እንደማትጠብቅ አውቃለሁ። አሰብ የምትሠራበትን ቦታ የነገረችኝ እህትህ ፋናዬ ናት፤ ወረቀቱን የሚያደርስልህ ደግሞ ሾፌሩ ገብረየስ ነው። በፖስታ ያልላክሁት ለምን እንደሆነ ስታነብበው ይገባሃል። ካነበብክ በኋላ አታስቀምጠው።

የምጽፍልህ ስለ አባትህ ነው። የእሳቸው ስም ሲነሣ ትተህ እንደምትወጣ ገብረየስ ነግሮኛል። ተቆጣ፣ ውጣ፣ ግን ተመልሰህ ጨርሰው። እንግሊዝኛ ሳስተምርህ ሳታቋርጠኝ ያለፈ ክፍለ ጊዜ ትዝ አይለኝም፤ ዛሬ አንድ ጊዜ ብቻ እስከ መጨረሻው ስማኝ።

እስከ ዛሬ አፌን የዘጋሁት አባትህ ቃል ስላስገቡኝ ነው። አሁን ያንን ቃል ላፈርሰው ነው። እሳቸው አያውቁም።

ነገሩ የተጀመረበትን ቀን አንተም አትረሳውም። የዛሬ አምስት ዓመት ኅዳር ሲገባ ነው፤ ከተወረሱት ቪላዎች ጀርባ ጤፉ ቢጫ ሆኖ መታጨጃው ደርሷል። አውሮፕላን በላያችን ባለፈ ቁጥር ዝም እያልን፣ ድምፁ ሲርቅ ካቆምንበት እየቀጠልን ነበር የምንማረው። ሰሌዳው ላይ «ፕሪዲክት» ብዬ ጻፍኩ። «ፕሪ» አስቀድሞ፣ «ዲክት» መናገር ማለት ነው አልኳችሁ። ገና ያልሆነውን ይሆናል ብሎ መናገር ነው፤ ለትናንት አይሠራም፤ መመኘት አይደለም፣ ማቀድም አይደለም። ከዚያ ዓረፍተ ነገር ሥሩ አልኳችሁ። ሣባ ሬዲዮው ዝናብ እንደሚዘንብ ተናግሯል የሚል ሠራች። አንዱ ስለ ኳስ ጨዋታ ሠራ። አንተ እጅህን እንኳ ሳታወጣ ብድግ አልክ።

«ማይ ፋዘር ፕሪዲክትስ ዛት ዘ ቼርማን ዊል ኖት ሲ ኢስተር።»

አባቴ ሊቀመንበሩ ፋሲካን እንደማያይ ይናገራል ማለትህ ነው። ሰዋስዉ እንከን አልነበረውም። ክፍሉ ሳቀ፤ ከዚያ ሳቁ በአንድ ጊዜ ቆመ። አንተ ብቻ ነበርክ ፈገግታህን ያልሰበሰብከው። «ቁጭ በል። ቀጣይ» አልኩ። ሰሌዳው ላይ አልጻፍኩትም፤ ነገሩ ግን ከክፍሉ በር ወጥቶ ሄዷል። ማን እንዳደረሰው እስከ ዛሬ አላውቅም፤ ማወቅም አልፈልግም። የተቀመጥክበት አክስትህ ቤት መጥተው ሲወስዱህ ገና ቁርስ አልበላህም ነበር አሉ።

እኔን ያስጠሩኝ በማግሥቱ ከሰዓት በኋላ ነው። መጥሪያው «የቃል ትርጉም እንድታስረጂ» ይላል። የቀበሌው ጽሕፈት ቤት ከአንድ ባለሀብት የተወረሰ ቪላ እንደ ነበር ታስታውሳለህ። አባትህን ከአጥሩ ሥር አገኘኋቸው። ከመንደራቸው ከለሚ በእግራቸው መጥተው፣ ጋቢያቸውን ተከናንበው መሬት ላይ ተቀምጠዋል። ሲያዩኝ ተነሡ።

«መምህርት፣ በሕይወት አለ?» አሉኝ።

«አለ» አልኩ። አላውቅም ነበር። ያኔ ጠዋት ጠዋት በየመንገዱ ዳር ምን እናይ እንደ ነበር ላንተ መንገር አያስፈልገኝም።

ሳሎኑ ውስጥ ሁለት ሰዎች ነበሩ። አንዱ ሊቀመንበሩ ቢተው ነው። ከአብዮቱ በፊት ወፍጮ ቤት ሚዛን ይዞ የሚውል፣ መንዝ ተወልዶ ያደገ፣ አርባውን ያለፈ ሰው። ሲፈጥረው ክፉ ነበር አልልም። የፈራ ሰው ነበር፤ የፈራ ሰው ሽጉጥ ሲታጠቅ ምን እንደሚሆን ደግሞ ያየነው ነው። ሁለተኛው የአብዮት ጥበቃው ኃላፊ ብርሃኑ ነው። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ሳለ ዘመቻ ወጥቶ በዚያው ትምህርቱን የተወ፣ ቀጭን፣ ረጋ ያለ ልጅ። እንግሊዝኛው ደህና ነበር። እኔን ያስፈራኝ እሱ ነው። ብዕሩን ይዞ ባዶ ወረቀት ፊቱ ዘርግቷል።

«ጓድ ፀሐይነሽ፣» አለኝ፣ «ተማሪው ‘ዘ ቼርማን’ ብሏል። የትኛውን ሊቀመንበር ነው?»

ወዴት እንደሚወስደኝ ወዲያው ገባኝ። ያኔ በአገሩ «ሊቀመንበር» ሲባል ቀድሞ ወደ ሰው ልብ የሚመጣው የቀበሌ ሰው አይደለም። ወረቀቱ ላይ ያ ከሰፈረ ጉዳይህ ከዚያ ቤት ወጥቶ ወደ ላይ ይሄዳል። ወደ ላይ የሄደ ልጅ ሲመለስ አላየንም። ያለኝ መውጫ አንድ ብቻ ነበር፤ እሱም ፊት ለፊቴ የተቀመጠው ሰው ነው።

«በእንግሊዝኛ ‘ዘ’ የሚባለው» አልኩ፣ ቦርሳዬን ጨብጬ፣ «ተናጋሪውም ሰሚውም በቅርብ የሚያውቁትን ሲጠሩ ነው። ልጆቹ የሚያውቁት ሊቀመንበር የሰፈራቸውን ነው። ጓድ ቢተውን ማለቱ ነው።»

«እኔን?» አለ ቢተው።

«እርስዎን።»

ብርሃኑ ፈገግ አለ። ይቆጣል ብዬ ነበር፤ ፈገግ አለ። ያ ፈገግታ ምን እንደ ነበር የገባኝ ብዙ ቆይቶ ነው።

«እሺ፣ ‘ፕሪዲክት’ን በአማርኛ ምን ብዬ ልጻፈው? አሟረተ?»

«ማሟረት ክፉ መመኘት አለበት። እዚህ ቃል ውስጥ ምኞት የለም።»

«ተነበየ?»

ተነበየ ማለት ትክክለኛው ነበር፤ አንተም ታውቀዋለህ። ግን ተነበየ ሲባል ነቢይ፣ ነቢይ ሲባል ተከታይ፣ ተከታይ ሲባል ድርጅት ያደርጉታል ብዬ ፈራሁ። «ትንቢት የሃይማኖት ነገር ነው፤» አልኩት፣ «ገመተ ቢባል ይሻላል።»

«ገመተማ ‘ጌስ’ ነው» አለ ቀና ብሎ እያየኝ። «እኛም ተምረናል፣ ጓድ። ልጁ ጌስ አላለም።»

ልክ ነበር። በዚያ ሰዓት አውሮፕላን በላያችን አለፈና የመስኮቱ መስታወት ተንቀጠቀጠ። ድምፁ ሲርቅ ብርሃኑ ካቆመበት ቀጠለ።

«ለተማሪዎቹ ‘ዲክት’ ብለሽ ለብቻው ከፍለሽ አስተምረሻል ተብሏል። የዲክቴተር ዲክት ነው?»

የሁለቱ ቃላት ሥር አንድ ነው። «አይደለም» አልኩ። በማስተምረው ነገር አውቄ ስዋሽ ያ የመጀመሪያዬ ነው።

«እንግዲያው ከጌስ ልዩነቱን አስረጂኝ።»

«ጌስ የሚል ሰው እንዲያው በመላ ይናገራል። ፕሪዲክት የሚል ግን ምልክት አይቶ ነው። ደመና አይቶ ዛሬ ይዘንባል እንደሚል ገበሬ። ሴራ የለበትም፤ ደመናውን ገበሬው አላመጣውም።»

ሴራ የሚለውን ቃል ከፊታችን ያነሣሁት መስሎኝ ነበር። ቢተው ግን ከወንበሩ ቀስ ብሎ ተነሣ።

«ምልክት» አለ። ለራሱ እንደሚያወራ ሁሉ፣ «ሞራው» አለ።

ያኔ ሁሉም ተገለጠልኝ። መስከረም ሁለት ለአብዮት በዓል ቀበሌው ያረደውን በሬ የሸጡት አባትህ ነበሩ፤ ሲታረድም እዚያው ነበሩ። አባትህ ሞራ አንባቢ መሆናቸውን ከኮተቤ እስከ ለሚ የማያውቅ አልነበረም። ከታረደው ከብት የወጣውን ስስ ሞራ ወደ ፀሐይ ዘርግተው፣ በደም ሥሮቹ አካሄድ የሚመጣውን ያያሉ፤ ከአባታቸው የወረሱት ነው። የዚያን ቀን ሞራውን ገልጠው ሲያዩ ቢተው አጠገባቸው ቆሞ ነበር። አባትህ አንድ ቃል ሳይተነፍሱ አጥፈው አስቀመጡት። ለእናትህ የነገሯት ቤታቸው ገብተው ነው፤ አንተም የሰማኸው እዚያ ነው። ቢተው ግን ከመስከረም ጀምሮ ያ ዝምታ ሲበላው ኖሯል።

«ብርሃኑ፣ ውጣ» አለ።

«ጓድ፣ ቃለ ጉባኤው ገና ነው።»

«ውጣ አልኩህ! ሽማግሌውን አስገባልኝ። አንቺ ቆዪ።»

ብርሃኑ ወረቀቱን ሰብስቦ፣ ብዕሩን ከድኖ ወጣ። ሲወጣ አልተቻኮለም።

አባትህ ገቡ። ቢተው ሽማግሌ አንቱ ሲል ከአብዮቱ ወዲህ ሰምቼው አላውቅም፤ ያን ቀን አንቱ አላቸው።

«አቶ ወዳጆ፣ እኔ የመንዝ ልጅ ነኝ። ሞራ ሲነበብ እያየሁ ነው ያደግሁት። አይዋሹኝ። ምን አዩ?»

«ልጄ የት ነው?»

«ከኋላ ክፍል ነው። ያዩትን ይንገሩኝና ይዘውት ይሂዱ።»

ሞራ አንባቢ ያየውን መደበቅ ይችላል፣ መካድ ግን አይችልም፤ የካደ ቤቱ ይከፍላል። ይህን እናትህ በኋላ ነው ያስረዳችኝ፤ ያኔ አላውቅም ነበር። ያየሁት አባትህ የቢተውን እጅ ሲመለከቱ ብቻ ነው። ሽጉጡ ከእጁ አጠገብ ነው። ሞትህ ቀርቧል የተባለ ሰው ነጋሪውን አስቀድሞ እንደሚገድል እኔም አባትህም እኩል የገባን ይመስለኛል።

«አላየሁም» አሉ።

«ገልጠው አይተው ዝም አሉ እኮ!»

«የማየው ስለሌለኝ ነዋ። ሞራ አላውቅም። አባቴ ያውቅ ነበር፤ እኔ አልወረስኩም። ሰዉ ያውቃል ሲለኝ፣ ብልት ሲቆርጥልኝ፣ ጠላ ሲቀዳልኝ ደስ ብሎኝ ዝም አልኩ እንጂ አላውቅም።»

«ታዲያ ልጅዎ ከየት አመጣው?»

«ቀባጣሪ ነው። ከሕፃንነቱ ጀምሮ አፉ አያርፍም።»

ቢተው ሊያምናቸው ፈልጎ ነበር፤ ከፊቱ ይታያል። ግን አልቻለም። ጠረጴዛውን ተደግፎ ወደ እሳቸው አጎነበሰ።

«ይማሉልኝ» አለ። «በልጅዎ ይማሉልኝ።»

አባትህ ወደ እኔ ዞር አሉ። ምን እንደ ፈለጉ አላውቅም፤ ምናልባት ሌላ ቃል እንድፈልግላቸው ይሆናል። አልነበረኝም። ከዚያ ወደ ቢተው ዞሩ።

«ጀቤሳ ይሙት፣ አላየሁም።»

ቢተው ወንበሩ ላይ ወደቀ። ላቡን በመሐረብ ጠረገ፤ አልቅሶ እንደ ጨረሰ ልጅ ነበር የሚተነፍሰው። «እሑድ ስብሰባ አለ፤» አለ፣ «አሁን ያሉኝን ለሕዝቡ ይናገራሉ። ልጁ ያኔ ይለቀቃል።»

ተያይዘን ወጣን። ከግቢው እንደ ራቅን አባትህ የሰው አጥር ይዘው ቆሙ። «ኢልመ ኮ» አሉ፤ ልጄን ማለታቸው ነው። ከዚያ ወደ አማርኛ ተመለሱ። «አይቼ ነበር፣ መምህርት። በጠራራ ፀሐይ ነው ያየሁት። ደሙን ከደሜ ለይቼ የማላውቀውን ልጅ ለሐሰት ማልሁበት።»

ምን ይባላል? «ምን ያድርጉ፣ ሌላ ምን ምርጫ ነበረዎት» አልኩ። የሰሙኝም አይመስለኝም።

«ለእሱ እንዳትነግሪው» አሉኝ። «አፉን ታውቂዋለሽ። አባቴ የካደው ለእኔ ብሎ ነው ብሎ ይናገራል፤ ከተናገረ ይበሉታል። ይጥላኝ። ጠልቶኝ ይኑር። ቃል ግቢልኝ።»

ገባሁላቸው።

እሑድን አንተ ታውቀዋለህ፤ ግን ያየኸው ከመድረኩ ጎን ቆመህ ነው። ፀጉርህን ላጭተውሃል፤ ጫማ የለህም። እኔ ከሕዝቡ መሐል ነበርኩ። አባትህ ድምፅ ማጉያውን ይዘው፣ ሞራ አላውቅም፣ ሳታልላችሁ ኖሬያለሁ፣ ልጄም ቀባጣሪ ነው፣ ማሩት ሲሉ በየሠርጉ ሲጋብዟቸው የነበሩ ሰዎች ናቸው ከትከት ብለው የሳቁት። አንዱማ «የበላኸውን ብልት መልስ!» ብሎ ጮኸ። አንተም ሰምተሃል። ቢተው ከመድረኩ ላይ ሆኖ ከሁሉ በላይ ሳቀ። ከዚያ ለቀቁህ፤ አባትህ እጅህን ሊይዙ እጃቸውን ሲዘረጉ ፊትህን አዙረህ በአጠገባቸው አለፍክ። እጃቸው እንደ ተዘረጋ ትንሽ ቆየ። አልፈርድብህም። አንተ የሰማኸው ጀግናህ የነበሩት አባትህ አታላይ ነኝ ሲሉ፣ አንተን ደግሞ በሰው ፊት ቀባጣሪ ሲሉህ ነው። ሳምንቱ ሳያልቅ ወደ አሰብ በሚወርድ መኪና ተሳፍረህ ሄድክ።

ከዚያ ወዲህ የሆነውን ነው የማታውቀው።

በዐቢይ ጾም መሐል ከቀበሌው በላይ ካለው ከከፍተኛው ጽሕፈት ቤት መኪና መጣና ቢተውን ወሰደው። ክሱ ብዙ ነበር አሉ። ዋናው ግን ፀረ አብዮተኛን ለብቻው አነጋግሮ፣ ቃለ ጉባኤ ሳይያዝ ለቅቋል የሚል ነው። ጽፎ ያቀረበው ብርሃኑ ነው፤ ያን ፈገግታውን ያኔ ተረዳሁት። ሰውየው አንተን የለቀቀበት ነገር ራሱን በላው። ፋሲካ ሲመጣ ሚስቱ ጥቁር ለብሳ ነበር፤ በወንበሩ ላይ ብርሃኑ ተቀምጧል።

ወሬው ለሚ ሲደርስ ያ ሁሉ የሳቀ ሰው ወደ አባትህ ቤት ጎረፈ። አይተው ነበር እኮ፣ ይቅር ይበሉን እያለ። «ብልቱን መልስ» ያለው ሰውዬም በግ ይዞ መጣ። አባትህ በራቸው ላይ ቆመው፣ «አላየሁም። ሞራ አላውቅም ብያችኋለሁ» ብለው መለሷቸው። እናትህ ዓለሚቱ ያን ጊዜ ምን ያህል እንደ ተናደደች ነግራኛለች። «አንድ ቃል፣» አለችኝ፣ «አዎ የሚል አንድ ቃል ቢወጣው ስሙ ይመለስለት ነበር።»

ያቺን አንድ ቃል ሊሰማ የመጣ ሌላም ሰው ነበር። ብርሃኑ ጠባቂዎቹን አስከትሎ ለሚ ድረስ ወጣ። ቢተው እንደሚወድቅ አስቀድሞ የነገረህ ማነው አላቸው። ለእሱ ቃሉ አሁን ሌላ ፍቺ ይዟል፤ አስቀድሞ የተናገረ ሰው አስቀድሞ ያወቀ ነው፣ አስቀድሞ ያወቀ ደግሞ ከሴረኞቹ ጋር የመከረ ነው። አባትህ ተናግሬ ነበር ቢሉ በማግሥቱ አሰብ ድረስ ሰው ይላክብህ ነበር። «ምንም አላውቅም፤ ልጄ ቀባጥሮ ነው» አሉት። ደጋግሞ መጣ፤ ደጋግመው ያንኑ አሉት። በመጨረሻ ሰለቸው።

እንግዲህ አባትህ አታላይ ሆነው ቀሩ። በጉን ይዞ የመጣው ሰው ተቀይሞ ጎረቤቱን ሁሉ አስቀየመባቸው። ከብት ሲታረድ አይጠሯቸውም። ሠርግ ላይ በር አካባቢ ነው የሚያስቀምጧቸው። ሞራን ከዚያ መስከረም ወዲህ በእጃቸው አልነኩም።

ብርሃኑ ባለፈው ክረምት ሹመት አግኝቶ ወደ ሌላ ክፍለ ሀገር ሄዷል፤ አዲሱ ሊቀመንበር ስምህንም አያውቀውም። ለመጻፍ የደፈርኩት አንድም ለዚህ ነው። ሌላው ምክንያት ፋናዬ ናት። ባለፈው ሳምንት ቤቴ መጥታ አለቀሰች። ከጾሙ በፊት ልትዳር ነው። ወንድሜን ጥሩልኝ ብትል አባትህ እንቢ ብለዋል። «ጠልቶት ነው፣ ሚስ?» አለችኝ። ቅዳሜ ወደ ለሚ ሄድኩ።

አባትህ አውድማው ዳር ጭድ ሲቆልሉ አገኘኋቸው። ዓይናቸው ደክሟል፤ በድምፄ ነው የለዩኝ። ለምን ልጅዎን አያስጠሩትም ብዬ በቀጥታ ጠየቅኋቸው። መንሹን ተደግፈው ቆሙ።

«የማልሁበት ልጅ ነው፤» አሉኝ፣ «ከእኔ ከራቀ መሐላው ያጣዋል ብዬ ነው። አጠገቤ የመጣ ቀን ያገኘዋል።»

«ንስሐ አልገቡም?»

«ገብቻለሁ። ቄሱ ቀኖና ሰጥቶኝ ጨርሻለሁ። እግዜር ምሮሃል ብሎኛል። ፍርሃቱ ግን አልወጣልኝም።»

እናትህ ከጓዳ ወጥታ ሰማችን። ለካ እሷም መሐላውን አታውቀውም ነበር። አፏን በነጠላዋ ያዘች። በአሰብ መንገድ መኪና ተገለበጠ የሚል ወሬ በመጣ ቁጥር፣ የሾፌሩ ደኅንነት እስኪሰማ ድረስ ባሏ እህል የማይቀምሱት ለምን እንደሆነ ያኔ ነው የገባት። ቁጭ ብላ ጮክ ብላ አለቀሰች፤ እሳቸው ግን አላለቀሱም።

«ደህና ነው፣ አባባ፤» አልኳቸው፣ «ገብረየስ በየወሩ ያየዋል። ሠራተኞች የሚያዙት፣ ሰው የሚያከብረው ትልቅ ሰው ሆኗል።»

«ወፍሯል?» አሉኝ።

«አይ፣ እንደ ድሮው ነው አሉ።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ ያሉትን ቃል በቃል ልጻፍልህ፤ አንድም አልቀንስበትም፣ አንድም አልጨምርበትም፦ «ለእህቱ ሠርግ ከመጣ ይምጣ። እናቱን ይሳም። እኔ እዚህ አውድማው ጋ እሆናለሁ፤ ከሩቅ አየዋለሁ። አጠገቤ ግን እንዳይመጣ ንገሩት።»

በዚያ በደከመ ዓይናቸው ከሩቅ ምን እንደሚያዩ እግዚአብሔር ይወቅ።

ጀቤሳ፣ እንዳትሰማቸው። ይህን ብቻ ነው የምለምንህ። እናትህን ሳትስም፣ ሙሽራዋን ሳታይ፣ በቀጥታ ወደ አውድማው ሂድ። ይሸሹሃል፤ ተከተላቸው። ይቆጡሃል፤ ቻለው። እጃቸውን ያዝና አትልቀቅ፤ በሕይወት ያለ ሰው እጅ እንደሆነ እስኪገባቸው ድረስ ያዘው። ይቅርታ መጠየቅም፣ ያለፈውን ማንሣትም አያስፈልግህም። ቁምና ይዳስሱህ።

ገብረየስ ጭነቱን አራግፎ በሚመለስበት ቀን ከጎኑ ያለውን መቀመጫ ማንም እንዳይዝብህ አደራ ብዬዋለሁ። እንደ ደረስክ መጀመሪያ እኔ ቤት ና፤ ታጥበህ እህል ቅመስ። ያን መንገድ ብቻህን እንድትሄደው አልፈልግም። ለሚ ድረስ አብሬህ እወጣለሁ፤ አውድማው ሲታይ እዚያው ትቼህ እመለሳለሁ።

በሰላም ያምጣህ።

መምህርትህ
ፀሐይነሽ